በድምፄ የተበላሸው ግጥም

ይድረስ ለአባቴ ለመምህር ጓንጉል፤ ደብዳቤው ጤና ሆነው፣ በቀን ብርሃን፣ መነጽርዎም በቅርብ ባለበት ሰዓት ያግኝዎት።

እንደምን ሰንብተዋል አባዬ? ብርዱ ሲጠና የሚያስቸግርዎት ቀኝ ጉልበትዎ ዘንድሮስ ፋታ ሰጠዎት ወይ? ቅባቱን ያሹታል ወይስ ሽታው አላስቀምጥ አለኝ ብለው ትተውታል? እማዬስ እንዴት ናት? የደም ግፊት ቀጠሮዋን ትጠብቃለች ወይስ እንደ ልማዷ «ምንም አላለኝም» እያለች ታሳልፈዋለች? አክስቴ ምርቃት ወገቧን ተሻላት? የሚያፈሰው የሳሎን ጣሪያስ ተጠገነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ንድድ ብሎኝ ከወር በላይ ሆኖኛል።

የምጽፍልዎትን ነገር በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ አክስቴ ወገብ አውርተን ተሰነባበትን። ድምፅዎን ስሰማ ወኔ ከዳኝ። አሁን እዚህ ናይሮቢ የኢስትሊ ሰፈር ነጋዴ የሆነው የሙዘሚል ባለቤት ሰአዳ ለወንድሟ ሰርግ አዲስ አበባ ልትሄድ ስለሆነ፣ ከዚያ በታመነ ሰው እጅ ደብረ ብርሃን ድረስ እንድትልክልኝ ቃል አስገብቻታለሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገር። ወንድሜ ሱራፌል አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከቤት የወጣው እውነት አልነበረም። የሄደው ወደ ሞያሌ ነበር፤ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሻገር ነበር። አልተሻገረም። ዛሬ ሀዋሳ ጓደኛው ዘንድ ነው፤ በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው። ለእማዬ ሲያነቡላት እባክዎ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል አስቀድመው ይንገሯት። ለዚያ መንገድ ያበቃው ግን የእኔ ድምፅ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ከእኔ እንጂ ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈልግም።

ባለፈው ዓመት በአማርኛ የማንበብ ሥራ እንዳገኘሁ ጽፌልዎት ነበር። ጊጊሪ በሚባል ሰፈር ቢሮ ያለው አንድ ድርጅት በናይሮቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የምናውቃቸውን ተረቶችና ግጥሞች እያሰባሰበ፣ አስቀርጾ በስልክ ይለቃል። ልጆች ይሰሙታል፣ እናቶች ይሰሙታል ተብሎ ነው። ቀረጻውን የምትመራው ያኤል ናት። ወላጆቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ሲጨንቃት ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በስዋሂሊ ትጨርሰዋለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ወደ ታች ስወርድ ስለምቆጣ ነው።

ሥራው ግጥም የሚያውቁ ሰዎችን መፈለግንም ይጨምር ስለነበር ኢስትሊ ወደ እትዬ ሚዛን ሄድኩ። እትዬ ሚዛን ከልብስ ገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሽሮና በርበሬ የሚሸጡ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ይድነቃቸው የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። አንድ ደላላ ቤታቸው እየመጣ፣ ከገበታቸው እየቆረሰ፣ ልጁን ደቡብ አፍሪካ አደርሰዋለሁ ብሎ አግባባው። ከታንዛኒያ ወዲያ በተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ አየር አጥሮት ሞተ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሰው ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ ያ ደላላ ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደ ማንኛውም ሰው ሊያስተዛዝን መጣ። እትዬ ሚዛን ብድግ ብለው ፊት ለፊቱ ቆሙና ይህን ግጥም አሉ፦

ጎበዝ ነህ አንተ ሰው፣ መንገድ አሳየኸው፤
ዳግመኛ እንዳይራብ፣ አጥግበህ ሸኘኸው።
እኔንም አሳረፍክ፣ ከማጠብ ከመስፋት፤
ልጄ ቤቱን ይዟል፣ ከሌለበት ጥፋት።
ውለታህ ከበደኝ፣ ምን ላድርግ ወገኔ፤
እግዜር ይስጥህ በቃ፣ የሥራህን ስለ እኔ።

እርስዎ ወረቀት ላይ ሲያዩት ወዲያው እንደሚገባዎት አውቃለሁ። እዚያ ድንኳን ውስጥ የነበረ ሰውም ሁሉ ገብቶታል። ሰውዬው ከንፍሮው አንዲት ፍሬ ሳይቀምስ ወጥቶ ሄደ፤ ከኢስትሊም ለጥቂት ጊዜ ጠፋ አሉ።

እኔ ሱቃቸው ቁጭ ብዬ በስልኬ ስቀርጻቸው እንደዚያኑ ቀን አድርገው አሉልኝ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። «ጎበዝ ነህ» የሚለውን ቃል በቃል እየለዩ፣ ለልጅ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቀስ ብለው አሉት። «አጥግበህ» ሲሉ ድምፃቸው ደረቀ። «እግዜር ይስጥህ በቃ» ብለው ደግሞ ዝም አሉ። ውጭ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ሻጭ ይጣራል፤ እሳቸው ዝም። ጨርሰዋል ብዬ ስልኬን ላነሳ ስል ነው «የሥራህን» ያሉት።

ቢሮው ያንን ቀረጻ አልቀበልም አለ። የመኪና ድምፅ አለበት፣ የሴትየዋም ድምፅ ይጎረብጣል ተባለ። አንቺ ስቱዲዮ ገብተሽ በጥሩ ድምፅ አንብቢው አሉኝ። እሺ ብዬ ገባሁና የቻልኩትን ያህል እንደ እትዬ ሚዛን አድርጌ አነበብኩት። ያኤል ከመስታወቱ ወዲያ እጇን አነሳች። «ጥሩዬ፣ ይሄ እኮ ታንክ ዩ የሚል ግጥም ነው፤ ለምንድን ነው ሳድ የሆነው?» አለችኝ። ቅጹን አሳየችኝ። የግጥሙ ርዕሰ ጉዳይ በሚለው ሣጥን ውስጥ «ምስጋና» ተብሎ ተሞልቷል። ማን ሞላው? ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሰው ነው። ቃሉን አንድ በአንድ መልሶታል፤ አንድም ስህተት የለበትም፤ አንድም እውነት ግን አልቀረለትም። ጊጊሪ ያለው አለቃ አማርኛ አይሰማም፤ ያንን ወረቀት አይቶ «እያመሰገነች ለምን ታዝናለች?» ብሏል። የልጁን ሞት፣ የለቅሶውን ነገር አስረዳሁ። ቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ የለም ተባልኩ።

ሁለት ቀን ተከራከርኩ አባዬ። ለያኤል የእርስዎን ክፍል ነገርኳት። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ጅቡና ስለ ፍየሏ ግልገል ስናነብ፣ እናቲቱም ጅቡም በሩ ላይ ቆመው «ክፈት ልጄ» የሚሉበት ቦታ ነበር። የጅቡን ለእኔ ሰጡኝና እንደ እናቲቱ አድርጌ ሳነበው አስቆሙኝ። «በዚህ አነባበብሽ ግልገሉ ጥፋቱ ምንድን ነው?» ብለው ክፍሉን ጠየቁ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን እስኪገባኝ ድረስ ቆሜ ዋልኩ። ይህን ስነግራት ያኤል በጣም ወደደችው፤ ሳቀችም። ከዚያ ሰዓቷን አይታ «ሳዋ፣ ግን አሁን አንድ ጊዜ ስማይል አድርገሽ አንብቢልኝ፣ ፕሊዝ» አለችኝ። እሺ፣ ግን ፈገግ ብለሽ አንብቢ ማለቷ ነው። ፈገግታ በድምፅ ይሰማል ብለው ያምናሉ፤ እሱስ እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። አነበብኩት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደክሞኝ ነበር፤ ሌሎች አሥራ አራት ተረቶች ይጠብቁኛል፤ ማን ይሰማዋል፣ በስንት ነገር መካከል ያልፋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከንፈሬን ገለጥ አድርጌ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሴት ለስለስ ብዬ፣ «ጎበዝ ነህ አንተ ሰው» አልኩ። ያኤል አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ከዚያ በኮምፒዩተሩ ላይ ዝምታ ያለበትን ቦታ ሁሉ እየፈለገ የሚቆርጥ ነገር ስላላት አስኬደችው። «እግዜር ይስጥህ በቃ» እና «የሥራህን» ተጣበቁ። ከሥሩ ክራር አስገቡበት። ሲያሰሙኝ የሠርግ ዘፈን መስሎኝ ነበር። ምንም አላልኩም።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ ደላሎቹ አገኙት። የትኛው ደላላ እንደሆነ አላውቅም፤ የእትዬ ሚዛን ሰውዬ ራሱ ይሁን ሌላ፣ አሁንም አላውቅም። ድምፄን ቆርጠው በቪዲዮ ላይ ለጠፉት። አስፋልት ይታያል፣ ፎቅ ይታያል፣ ሸሚዝ ለብሰው የሚስቁ ወጣቶች ይታያሉ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ «መንገድ አሳየኸው፣ አጥግበህ ሸኘኸው» እላለሁ። መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር ይወጣል። የልጇን መንገድ ያቃናላትን ሰው የምታመሰግን እናት ሆኜ ቁጭ አልኩ። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። እናንተም ዘንድ ደርሶ ጎረቤት «ልጅዎ ገጣሚ ሆነችልዎት» ብሎ እንኳን ደስ አለዎት እንዳለዎት ሱራፌል ጽፎልኝ ነበር። ያን ሳነብ ያፈርኩትን እፍረት ለማንም አልመኘውም።

ከዚያ በኋላ ሱራፌል ዝም አለ። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደወልኩለት። «ደህና ነኝ» አለኝ። አባዬ፣ ያንን ልጅ ጡት ሲጥል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ደህና ሲሆን «ደህና ነኝ» አይልም፣ ወሬውን ነው የሚጀምረው። ቃሉ ቶሎ ወጣ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ተንጠለጠለ፣ እንደተጠየቀ ተማሪ። ከኋላው የጭነት መኪና ሲያጓራ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው ደግሞ ቁጥር እየጠራ ሰው ይቆጥራል። የት ነህ ስለው አዲስ አበባ አለኝ። አዲስ አበባ የት አልኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ስጠይቀው ሞያሌ መሆኑን ነገረኝ። የቅየሳ ዲፕሎማውን ይዞ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር እንደቆመ፣ እርስዎ ባዩት ቁጥር የሚቆጡት እየመሰለው ከቤት መውጣት መግባት እንደከበደው፣ በመጨረሻ የእኔን ድምፅ ሲሰማ ቁጥሩ ላይ እንደደወለ ነገረኝ። «አንቺ ያመሰገንሽው ሰው አይጥለኝም ብዬ ነው» አለኝ።

እግዜር ያሳይዎት። ሱራ፣ እርግማን እኮ ነው፤ ልጇ የሞተባት ሴት ገዳዩን የረገመችበት ነው አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የቱ ጋ ነው እርግማኑ? ቃሉን አሳይኝ» አለኝ። ግጥሙን በቃሉ ይዞታል፤ መስመር በመስመር አለልኝና የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንዳልሄድ ፈርተሽ አሁን የፈጠርሽው ነው ብሎ ዘጋብኝ። ደግሜ ስደውል አላነሳም።

ሰኞ ጠዋት ጊጊሪ ሄድኩ። በር ላይ መታወቂያዬን ወስደው አንድ ሰዓት ተኩል አስቀመጡኝ። ወደ ውስጥ ስገባ ቀረጻው ይውረድ፣ የእትዬ ሚዛን የራሳቸው ድምፅ ይተካ፣ ደላሎቹም በድምፄ እየነገዱበት ስለሆነ ድርጅቱ አንድ ነገር ይበል አልኩ። አለቃው በትሕትና ሰማኝ። ጽሑፉንና ቀረጻውን አስተያይተው እንደነበር፣ አንድም ቃል እንዳልተለወጠ፣ ስለዚህ የሚታረም ስህተት እንዳላገኙ አስረዳኝ። ሱራፌል ሞያሌ ሆኖ ያለኝን ቃል በቃል፣ ይኸኛው ጊጊሪ ሆኖ በሌላ ቋንቋ ደገመልኝ። ቃሉን አሳዩኝ! ሰው እንዴት ሁለት ጆሮ ይዞ ቃል ብቻ ይሰማል? ያኤልን አየኋት፤ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች። ውሌን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ጀግንነት አይምሰልዎት፤ ማታቱ ውስጥ እስክቀመጥ ድረስ ያደረግኩትን አላስተዋልኩም።

የቀረችኝ አንዲት በር ናት፤ እሷም የማፍርባት። እትዬ ሚዛን ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ የላቸውም፤ ግጥማቸው ምን እንደሆነ አልሰሙም ነበር። ሱቃቸው ገብቼ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና ከፈትኩላቸው። ጆሯቸውን አዘንብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ ቀና ብለው አዩኝና «ጥሩ ነው፤ የማን ግጥም ነው?» አሉኝ።

የእርስዎ ነው ማለት አቃተኝ። በመጨረሻ ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ድገሚው አሉ። ደገምኩት። በሁለተኛው ላይ «ልጄ ቤቱን ይዟል» የሚለው ሲደርስ የበርበሬውን መስፈሪያ አስቀመጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። «እዚህ ተቀምጠሽ ሰምተሽኝ አልነበረም?» ብቻ አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። ከዚያ የወንድሜን ነገር፣ ሞያሌ መሆኑን፣ መኪና የሚጠብቅ መሆኑን ነገርኳቸው። የሱቁን መጋረጃ አወረዱና «ማን ያገኘዋል?» ብለው ጠየቁ።

ሙዘሚል በየሳምንቱ ሞያሌ ይመላለሳል፤ በዚያን ቀንም እዚያው ነበር። ደወልንለት። ወንድሜን በመልክ አያውቀውም፤ ፎቶውን ላክሁለት። የአልቤርጎዎቹን ስም ሁሉ ያውቃል፤ እየዞረ ሲጠይቅ ሦስተኛው ላይ አገኘው። ከሌሎች ስምንት ወጣቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጫማውን እንዳሰረ ተቀምጦ ነበር አለኝ። መኪናው ለነገ ተባለላቸው። ሙዘሚል እህትህ ናት ቢለው ስልኩን አልቀበልም አለ። እህቱ አይደለችም፣ የግጥሙ ባለቤት ናት ሲለው ነው እጁን የዘረጋው።

እትዬ ሚዛን ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። አትሂድ አላሉትም። አልመከሩትም፣ አልለመኑትም። «አንተ የጥሩወርቅ ወንድም ነህ? እኔ የይድነቃቸው እናት ነኝ። ልጄ ልብሱን በየሦስት ወሩ ይቀድ ነበር፤ እኔ እሰፋለሁ» አሉት። ከዚያ ግጥሙን አሉ። አንዲት ቃል አልጨመሩም፣ አንዲት ቃል አልቀነሱም። አባዬ፣ እኔ እኮ ከዚያ በፊት የሰማሁት ነው፤ ግን «እኔንም አሳረፍክ፣ ከማጠብ ከመስፋት» ሲሉ እጆቻቸውን አየሁ፤ ምን እንደሚሠራባቸው ያልታወቀ እጆች። «እግዜር ይስጥህ በቃ» ብለው ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አሉ። ከወዲያም ምንም አይሰማም። «የሥራህን» አሉ፤ «ስለ እኔ» አሉ። ስልኩን መለሱልኝና መጋረጃውን ከፍተው ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

ሱራፌል ስልኩን ለሙዘሚል መልሶ ወደ ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ጠዋት ሙዘሚል ሊያየው ሲሄድ አልጋው ባዶ ነው። የዚያን ቀን ያየሁትን አይየው ማንም። ስልኩ ዝግ ነው። ቀኑን ሙሉ ናይሮቢ በእግሬ ዞርኩ፣ የት እንደሄድኩ አላውቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሙዘሚል ደወለ፦ መናኸሪያ ያለ አንድ ትኬት ቆራጭ ፎቶውን አይቶ፣ ይህ ልጅ ወደ ሰሜን በሚሄደው አውቶቡስ ሄዷል ብሎታል። ከክፍሉ ልጆች አንዱም አብሮት ወጥቷል። ሰባቱ ግን ሄደዋል አባዬ። ስማቸውን እንኳን አላውቅም። የሄዱት ደግሞ እኔን ሰምተው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ቪዲዮው አሁንም ይዞራል። ባለፈው ሐሙስ ኢስትሊ ስሻገር ከአንድ የስልክ ሱቅ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ እንዲያጠፉት ብጠይቃቸው ባለሱቁ አንቺን ምን አገባሽ አለኝ። የእትዬ ሚዛንን ቀረጻ በራሴ ስልክ ለማውቀው ሰው ሁሉ ልኬያለሁ፤ ያኛውን አንድ ሺህ ሰው ሲሰማው ይህን ሃያ ሰው ይሰማዋል። ጥርት ያለውን ይመርጣሉ። ያኤል አንድ እሁድ ሳውዝ ሲ ቤቴ ድረስ መጣች፤ «ፖሌ ሳና» አለችኝ፤ በእነሱ አነጋገር እጅግ አዝናለሁ ነው። ከልቧ ይሁን ከአፏ ለመለየት በስዋሂሊ ጆሮዬ ገና ነው። ከዚያ የእትዬ ሚዛንን ቀረጻ አሰሚኝ አለች። አራት ጊዜ ሰማችው። በአራተኛው ላይ «እዚህ ጋ ዝም ያሉት ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ነው፤ ሲመጣ ግን ደስታ አልሰጠኝም። ይህን ጊዜ ነው የምትጠይቂኝ ብዬ ተቆጣኋት። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ሆኖ እሷን መቆጣቴ ይበልጥ አናደደኝ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ። ሱራፌል ሀዋሳ ሆኖ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ወደ ቤት መግባት ፈርቷል። የሚፈራው ዱላ አይደለም፣ ስድብም አይደለም። በሩን ሲከፍቱለት «የት ነበርክ?» እንደሚሉት ያውቃል። አባት ነዎት፣ ይጠይቁታል፤ መጠየቅም አለብዎት። ግን ይህች ቃል ሁለት ናት አባዬ። አንዷ የሚያቀርበው ምክንያት እንዲያዘጋጅ ደጃፍ ላይ ታቆመዋለች። ሌላዋ ስንፈልግህ ነበር ማለት ናት። ፊደሏ አንድ ነው። እርስዎ ይህን ለስንት መቶ ልጅ አስተምረዋል፤ ለራስዎ ልጆች ሲሆን ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ናት የምትቀድምዎት። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ለማለት የደፈርኩት የራሴ ነገር ስላለኝ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ወደዚህ ስመጣ ሻንጣዬን ይዤ ሳሎን ቆሜ ነበር። እርስዎ በመስኮቱ በኩል ጀርባዎን ሰጥተውኝ «ሂጂ እንግዲህ» አሉኝ። ፊትዎን አላየሁም። ያቺን ቃል ዘጠኝ ዓመት ይዣት ዞሬአለሁ። አንዳንድ ቀን ምርቃት ትመስለኛለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም የተባልኩ ይመስለኛል። የቷ እንደነበረች ዛሬ አልጠይቅዎትም። ሱራፌል ግን ዘጠኝ ዓመት እንዲያስብ አይተዉት። በሩን ሲከፍቱለት ፊትዎን ይመልከተው፤ ቃሉን እንዳሻዎት።

እማዬን ጉልበትሽን ስማለች ብለው ሰላም ይበሉልኝ፤ ግጥሙን ካነበቡላት ቀስ ብለው ያንብቡላት፣ መድኃኒቷንም ከዚያ በፊት ትዋጥ። አክስቴ ምርቃትን ወገቧን ታሞቀው ዘንድ የላክሁት ሹራብ ከሰአዳ ጋር አለ ይበሏት። እንኳን ደስ አለዎት ላሉት ጎረቤቶች ልጄ ገጣሚ አይደለችም፣ ግጥሙ ይድነቃቸው የሚባል ልጅ የሞተባቸው የወይዘሮ ሚዛን ነው ይበሉልኝ፤ ከቻሉም እርስዎ በራስዎ ድምፅ ያሰሟቸው። ሱራፌል ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶ ከሆነ ይሳሙልኝ፤ ካልደረሰም በሩን ሲያንኳኳ እማዬ ሳትቀድምዎት ይነሱ።

ልጅዎ
ጥሩወርቅ ጓንጉል
ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.